ጭረት

በአህያ ጋሪ መጣ ከወደቡ ዳር፣
የውዳላት ሞተር፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር።
ባለፈው ጥቅምት ነው እኔው የገጠምሁት፣
እኔው በእጄ ሠርቼ፣ እኔው የመረቅሁት።
"አደራ ልጄ" ብላ ብሩን ስትቆጥር፣
"እማማ፣ አይዞሽ" አልሁ፤ አይ የኔ መድፈር!

አሁን ዘይት ይጠጣል።
ሰማያዊ ጭሱን ከኋላው እየጎተተ፣
ክብራን ደሴት አጠገብ፣ ውሃ መሐል ሞተ።
ሰላሳ ሸክም እንጨት፣ ዘጠኝ ሰው፣ ሁለት ፍየል፣
ሌሊቱን ሲንሳፈፉ አደሩ ያለ ኃይል።
(አንዷ ፍየል ዘላ ገባች። ዕዳዋ የኔ ነው።)

ጋሽ እንየው ዝም አለ።
ቴስታታውን ፈታ፣ ጓርኒሲዮኑን ላጠ፣
ባትሪውን አብርቶ ጉድጓዱ ላይ አፈጠጠ።
እኔም አጎነበስሁ፤ ፊቴ ታየኝ ከውስጥ፣
እንደ ብር ሳህን የጠራ፣ እንደ መስታወት ልሙጥ።
ያኔ እንዴት ኮርቼ ነበር!
ሦስት ቀን በብርጭቆ ወረቀት፣ በጨርቅ፣ በጥርስ ሳሙና ሳይቀር
ስፈትግ፣ ስወለውል፣ ጭረት እስኪጠፋ፣
"ሙሽራ አስመሰልሁት" ስል፣ ደረቴን ስነፋ።

"ጥፍርህን አሂድበት።"
አሄድሁት።
"ያዘህ?"
"ምንም።"
"ዘይቱንም እንዳንተ ነው፤ ምንም አይዘውም።"

አባቱ የአዴት ገበሬ ነው፤ ስለዚህ ጋሽ እንየው፣
ብረቱንም ጎማውንም በሞፈር ነው የሚለየው።
"ያልታረሰ ሜዳ ዝናብ ቢወርድበት፣
ተንሸራቶ ወንዝ ነው፤ ምን ሊበቅልበት?
አንዴ አቅንተህ ታርሳለህ፣ አንዴ ታገድማለህ፣
ትልም ትልምን ሲያቋርጥ ያኔ ዘር ታምናለህ።
ዘይትም ዝናብ ነው፤ ትልም ካጣ ማደሪያ፣
ሽቅብ ወጥቶ ይነዳል፣ እንደ ኩራዝ ማብሪያ።"

ሬክቲፊካ ቤት ደርሶ በሃምሳ ተቦረቦረ፣
አዲሱ ፒስተን በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከትራስጌዬ አደረ።
ማለዳ ሦስቱን ድንጋይ ከድሪሉ አፍ አሰረልኝ፣
ናፍጣና ዘይት ቀላቅሎ ከላይ እያፈሰሰልኝ፤
"ውጣ! ውረድ! ውጣ! አትቁም እዚያ ላይ!
የቆመ እጅ ይቆፍራል። ጆሮህን ጣል፤ ዓይንህ ምን ሊያይ?"
መጀመሪያ ሻካራ ነው፣ እንደ ጥሬ ጨው ሲፈጭ፣
ኋላ እየረጠበ፣ እንደ ታሸ ሰናፍጭ።
ሽቅብ አንድ ሰያፍ፣ ቁልቁል ሌላ ሰያፍ፣
እንደ ታንኳ ጎን፣ ደንገል በደንገል ሲታለፍ፤
ስድሳ ዲግሪ ግድም፣ በመለኪያ ሳይሆን፣
በጋሽ እንየው መቀስ፣ በሁለት ጣቱ ዓይን።

ከዚያ ማጠብ መጣ። በቤንዚን አይደለም፣
በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ እንደ አራስ ልጅ ገላ፤
ነጭ ጨርቅ ገብቶ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ።
ስምንተኛው ጨርቅ ግራጫ። ዘጠነኛው ግራጫ።
አሥራ አራተኛው፣ የሸሚዜ እጅጌ፣
ነጭ።

የፋሻዎቹን ክፍተት አፍ ለአፍ አልገጠምሁም፤
ሐሜተኞች ናቸው፣ ከገጠሙ ምስጢር አይጠብቁም።

የመጨረሻው ጉድጓድ ገና ሳይከደን፣ ውዳላት መጣችና
"ያኔ ያበራ ነበር! ደግሞ ቧጨርኸውና!"
ምን ልበላት? እርሻውን ከኔ በላይ ታውቃለች፣
ሞተሩን ግን በጭሱና በዕዳው ብቻ ታያለች።
"እማማ፣ ዘይቱን የሚይዘው ጭረቱ ነው" አልኋት።
ዝም አለች። እጇ ወጣ፣ አረፈ አንገቷ ላይ፣
ንቅሳቷ ካለበት፣ ሰያፍ በሰያፍ ላይ።
"እኔንም በእሾህ ነው" አለች፣ "ስምንት ዓመቴ ሳለሁ፤
ጥላሸቱ የያዘው ስለተቧጨርሁ ነው።"
ጋሽ እንየው ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ስናስነሳው ጭሱ ነጭ፣ ቀጥሎ ስስ፣ ቀጥሎ የለም።
"እስከ ሃያ ሰዓት ድረስ ጉልበት አትጠይቂው፣
ፋሻውና ግድግዳው እስኪላመዱ፣ ዳር ዳሩን ንጂው።"
ወደ ዘጌ ዞረች። ይብራዎቹ ተነሱ፣
ተመልሰው ተቀመጡ፣ ድምፁን ሳይረሱ፤
እኔም ጆሮዬን ጥዬ ቆየሁ ከድንጋዩ ላይ፣
ከማዕበሉ እስኪቀላቀል፣ እስኪጠፋ ከላይ።

ጥፍሬ ሥር ያለው ጥቁር እስካሁን አለቀቀም።
የፍየሏም ዕዳ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል።